የማን እጅ ነው

ሻንዴል ሥራዋ መሰረቁን የሰማችው ከአውቶቡሷ ተሳፋሪዎች አፍ ነው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ሜምፊስ ውስጥ ኦሬንጅ ማውንድ በሚባለው ሰፈር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር። የግንቦት ሙቀት ገና በጠዋቱ የወንበሩን ፕላስቲክ ከጭን ጋር ያጣብቃል። ኋላ የሚቀመጡት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ቴፕ ይዘው ገብተው ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቁት። አውቶቡስ ውስጥ ቴፕ ክልክል ነው። እሷም "ዝጉት" ልትል በመስታወቱ ቀና ስትል ከበሮው ገባ።

የራሷ ከበሮ ነው። ሁለተኛው ምት ዘግየት ብሎ፣ አንድ እግሩን እንደሚጎትት ሰው እየተንፏቀቀ የሚወርደው፣ ስንት ቅዳሜ የለፋችበት ከበሮ። ከሥሩ ያለው ቤዝም የሷ ነው፤ ከበስተጀርባ የሚያቃስተው ኦርጋንም የሷ ነው። ከላዩ ግን እሷ ያላስቀመጠችው የወንድ ድምፅ ገባና "ይሄ የሄርሼል እጅ ነው! ቢግ ሄርሼል!" ብሎ ጮኸ። ልጆቹም እኩል አብረውት ጮኹ፤ በቃላቸው ይዘውታል። ቀጥሎ የሮዳሪየስ ራፕ መጣ።

ይሄን ከየት አመጣችሁት ብላ ጠየቀቻቸው። አንዷ ልጅ አዘነችላት።

"ሚስ ሻንዴል፣ እስካሁን አልሰማሽውም እንዴ? ከተማው ሙሉ እኮ እሱን ነው የሚያጫውተው። ሄርሼል ነው የሠራው።"

"ማን ነው ሄርሼል ሠራው ያለሽ?"

"ራሱ ነዋ። ስሙን እየተናገረ አይደል እንዴ?"

ሻንዴል ቀጥላ መቆም የነበረባትን ፌርማታ አልፋ ስትሄድ፣ ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን እያውለበለቡ ከኋላ ሲሮጡ በመስታወቱ አየቻቸው። አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ከበሮ የጀመረችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ስምንት ዓመቷ ላይ አንድ እሁድ ከበሮ መቺው ሲቀር ዘላ ተቀመጠችበት፤ ማንም አላስነሳትም። አሥራ ሁለት ሲሞላት ግን የመዘምራኑ አለቃ እናቷን ለብቻ ጠርታ፣ ቀሚስ የለበሰች ልጃገረድ እግሯን ከፍታ ከበሮ ላይ መቀመጧ ደስ አይልም አለቻት። ሻንዴል ወደ ዘማሪዎቹ ተዛወረች። ድምፅ የላትም። የተተካው ልጅ ደግሞ ምት መያዝ አያውቅም፤ መዝሙሩ ሲጀመር ከሰው ጋር ሆኖ፣ ሲያልቅ ብቻውን ወደፊት ሮጦ ይገኛል። በየእሁዱ ከዘማሪዎቹ መሃል ቆማ ያንን መስማት ምን ያህል እንዳንገበገባት ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሃያ ዓመት ሲሞላት፣ ሰው ዕቃውን አስይዞ ከሚበደርበት ሱቅ አንድ ሳምፕለር አገኘች። ከሸክላ ላይ ድምፅ ቆርጦ የሚያስቀር፣ ቁልፉን በጣት ሲመቱት ያንኑ ድምፅ መልሶ የሚያሰማ ማሽን ነው። ሻንዴል የእናቷን የልብስ መተኮሻ ክፍል ይዛ፣ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ደጃፋቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡበት እየለቀመች ሸክላ አጠራቀመች። ከአንዱ ከበሮ፣ ከሌላው ኦርጋን፣ ከሌላው የአንዲት ሴት ትንፋሽ እየቆረጠች ትሰፋለች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሮዳሪየስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ የእናቷ የእሁድ ባርኔጣዎች በተደረደሩበት ቁም ሣጥን ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ ራፕ ያደርጋል። ድምፅ የማያመልጠው እዚያ ብቻ ነበር። ሲጨርስ የሻንዴል እናት ኦፓል፣ የዘፈኑን ቃል እየረገመች፣ ሳህን ሞልታ ታበላዋለች።

ሜምፊስ ውስጥ መሰማት የፈለገ ሰው በሄርሼል በር ማለፍ ነበረበት። ሄርሼል ላማር ጎዳና ላይ የመኪና ስፒከር መግጠሚያ ሱቅ አለው፤ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ መቅረጫ ክፍል። ካሴቱን እዚያው ያባዛል፣ ስፒከር ሊያስገጥም ለመጣው ሁሉ ይሸጣል። መጋቢት ላይ ሻንዴልንና ሮዳሪየስን አስጠርቶ ሥራቸውን ሰማ። ሦስት ጊዜ አስደግሞ ሲያበቃ፣ ድምፁ ትንሽ መጽዳት አለበት፣ ሥራሽ ያለባቸውን ዲስኮች ተይልኝ፣ እደውልልሻለሁ አላት ሻንዴልን። ሮዳሪየስን ግን እንዲቆይ ነገረው። ሻንዴል ዲስኮቹን ትታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የተደወለ ስልክ የለም። ሮዳሪየስም ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አቁሞ ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ነው ብላ አስባለች።

ያን ቀን አውቶቡሱን ካስረከበች በኋላ በቀጥታ ሄርሼል ሱቅ ሄደች። ግቢው የኋላ ኮፈናቸውን በከፈቱ መኪናዎች ተሞልቷል፤ የሷ ከበሮ የታርጋዎቹን ብሎን ያንቀጠቅጣል። ሄርሼል ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። ሻንዴልን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

"የኔ ቆንጆ፣ የት ጠፋሽ? ልደውልልሽ ስል ስል።"

ካሴቱን እንዲያሳያት ጠየቀችው። አላቅማማም፤ ከመደርደሪያው አንስቶ ሰጣት። "አቀናባሪ፦ ቢግ ሄርሼል" ይላል። ገለበጠችው። ከታች፣ ምስጋና የሚባለው ቦታ ላይ፣ ለእግዚአብሔር፣ ለሄርሼል እናት፣ ለአንድ የጎማ ነጋዴ ከቀረበው ምስጋና ቀጥሎ፣ "ለሻንዴል፣ ስለ ፈገግታዋ" የሚል ተጽፏል።

ከባንኮኒው ጀርባ ሮዳሪየስ ተቀምጦ በማር የተለወሰ የዶሮ ክንፍ ይበላል። ቀና ብሎ አያትና መልሶ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ።

"ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች ሻንዴል።

"ማን አልሠራሽም አለ?" አለ ሄርሼል። "ግን ስሚኝ። ቢት፣ እንዲህ ያለ ከበሮና ቤዝ፣ በየመኝታ ቤቱ ሞልቷል። ያንቺን ከአቧራ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልነካው ማን ይሰማው ነበር? የእናትሽ ባርኔጣ ይሰማው?"

መኪናቸውን የሚያሠሩት ጎረምሶች ሳቁ። የባርኔጣውን ነገር የነገረው ሮዳሪየስ መሆኑ ገባት፤ ከስርቆቱ ይልቅ ያ ጠቅ አደረጋት። ስምሽ በሚቀጥለው ካሴት ላይ እንዲገባ አስብበታለሁ፣ ድምፅሽ ደግሞ ለዘፈኑ አዝማች ሊሆን ይችላል አላት ሄርሼል። አልዘፍንም አለችው። ሴት ሆኖ የማይዘፍን የለም ብሎ ወደ ደንበኞቹ ዞረ።

ለእናቷ ስትነግራት "ነግሬሽ ነበር" የሚለውን ጠብቃ ነበር። ኦፓል የቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ ናት፤ ነጭ ጓንት አጥልቃ ሰውን ወደ መቀመጫው የምታደርስ፣ ለዓመታት ልጇ ወደ አምልኮ ሙዚቃ እንድትመለስ ስትጸልይ የኖረች ሴት። ጎመን እያጠበች ነበር። ካሴቱን ክፈቺው አለች። ከዳር እስከ ዳር ሰማችው። ስድብ በመጣ ቁጥር ፊቷ ይኮማተራል፤ ግን አላቋረጠችም። ከዚያ እጇን ጠርጋ የካሴቱን ልባስ ተቀበለችና መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ምስጋናው ላይ ስትደርስ ምድጃውን አጠፋች።

"ስለ ፈገግታዋ" አለች ቀስ ብላ። "ያንን ጥርስ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እሱ ጋ ሄደሽ ስቀሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እና የቱን ፈገግታ ነው የሚያመሰግነው?"

"እማዬ፣ አንቺ እኮ ይሄን ዘፈን ትጠዪዋለሽ።"

"እጠላዋለሁ። ግን የልጄ ነው። የማልወደው ነገርም ቢሆን ከቤቴ አይሰረቅም።"

ኦፓል ዲያቆን ጌዘርን አስታወሰች። ዲያቆን ሉሸስ ጌዘር የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓለማዊውን ነገር ከመተዋቸው በፊት በየመቅረጫ ቤቱ ሙዚቃ ይጫወቱ እንደነበር ይወራል። የዚያን ሥራ ሰዎች ተንኮል ያውቃሉ፤ ምን ማድረግ እንዳለብን እሳቸው ይንገሩን አለች። በማግስቱ እናትና ልጅ ካሴቱን ይዘው ሄዱ።

ዲያቆን ጌዘር ከቤታቸው ጎን ባለችው የመኪና መጠለያ ጥላ ሥር ተቀምጠው የቲማቲም ችግኝ በጨርቅ ቁራጭ ከእንጨት ጋር ያስራሉ። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ፣ ባለቤታቸው ከሞተችባቸው ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከጓሯቸው በቀር የትም የማይሄዱ ሰው ናቸው። የሻንዴልን ታሪክ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። "ዓይን ያወጣ ሌባ ነው" አሉ ስለ ሄርሼል። "በኛ ጊዜም ነበሩ። ስማቸው ብቻ ነው የሚቀየረው።" ከዚያ እስኪ አሰሙኝ አሉ።

ከበሮው ሲገባ እጃቸው ቲማቲሙ ላይ ቆመ። ካሴቱን አስደገሙት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኝ እግራቸውን አነቃነቁ።

"ይሄን ከበሮ ከየት አመጣሽው?"

"ከሸክላ ላይ ነው የቆረጥኩት። ዊልበርት ስኔድ የሚባል ዘፋኝ ነበር፣ ዱሮ..."

"ዊልበርት ስኔድን አውቀዋለሁ" አሉ። "ዊልበርት ማንኪያ እንኳ በምት መምታት አይችልም። ያ እጅ የኔ ነው። እግሩም የኔ ነው።"

ሻንዴል ሳቅ ብላ ነበር። ፊታቸውን ስታይ ሳቋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። ያን ጊዜ ዲያቆን ጌዘር ቀን ቀን ጣሪያ ይሠሩ ነበር። ከቀረጻው ቀን በፊት ከመሰላል ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ። እግሬ አይታዘዘኝም ብለው ለአሳታሚው ቢነግሩት፣ ወይ ምታ ወይ ሂድ አላቸው። መቱ። የሚጎተተው ምት ስልት አልነበረም፤ ሕመም ነበር። ሸክላው ወጥቶ ከተማው ሲጨፍርበት ልባሱን ገዝተው አነበቡት። ዘፋኙ አለ፤ ፎቶ አንሺው አለ፤ የዘፋኙን ሙሉ ልብስ የሰፋው ሰው እንኳ አለ። ከበሮ መቺ የሚል ቃል የለም።

"ልብስ ሰፊውን ጽፈውታል" አሉ ዲያቆን ጌዘር። "መርፌው ለዘፈኑ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ግን ሃያ አምስት ዓመት ዝም አልኩ። ተውኩት። ለእግዚአብሔር ሰጠሁት። አሁን ደግሞ አንቺ የኔን እግር በኪስሽ ይዘሽ ተዘረፍኩ ብለሽ እኔው ደጅ መጣሽ።"

"ዲያቆን፣ እኔ አልሰረቅኩም። ሸክላውን ገዝቼዋለሁ።"

"ሸክላውን የሸጠልሽ ሰው እግሬን መሸጥ ይችላል?"

"ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው። ደግሞ እንዳለ አልወሰድኩትም፤ ቆራርጬ፣ ገጣጥሜ..." ሻንዴል ደሟ እየፈላ መጣ። ትናንት የተሰረቀችው እሷ ናት፤ ዛሬ ደግሞ ሌባ ተብላ መቆሟ አልዋጥ አላት። "ማንም የማያውቀው ሸክላ ነበር። ከአቧራ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልነካው ማን ይሰማዎት ነበር?"

ሽማግሌው ካሴቱን ከቴፑ አውጥተው በሁለት ጣታቸው ይዘው ለኦፓል መለሱላት። ለሻንዴል አልሰጧትም። ከዚያ ተነስተው ወደ ቤት ገቡና የሽቦ በሩን በቀስታ ዘጉ።

መኪና ውስጥ ኦፓል ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የቤታቸው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ነው አፏን የከፈተችው።

"ከአቧራ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይቺን ቃል ማን ነበር ያላት? ትናንት ነግረሽኝ ነበር መሰለኝ።"

"እማዬ፣ እንዳትጀምሪ።"

"እኔ ምን ጀመርኩ? የሰው ስም ጠፋብኝ እንጂ።"

ሻንዴል በሁሉም ሰው ተቆጣች። በሄርሼል፣ በሮዳሪየስ፣ በእናቷ፣ ከሁሉም በላይ በሽማግሌው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሥራ ፈታ ቤት ዋለች፤ ሳምፕለሩ ላይ ተቀምጣ ግን እጇ አልሄድ አላት። አንድ ሸክላ አንስታ ስታስቀምጥ ልባሱን ታነባለች፤ ከበሮ መቺውን ትፈልጋለች። ከአሥሩ ስምንቱ ላይ የለም። ፎቶ አንሺው ግን አለ። እየዋለ ሲያድር ቁጣዋ አልቀነሰም፤ ብቻ መድረሻው ጠፋባት። ሄርሼልን ስትረግም የራሷ ድምፅ መሃል ይገባባታል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ሮዳሪየስ መጣ። በሩን የከፈተችለት ኦፓል ናት፤ ልጁን ካወቀችው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ "በልተሃል ወይ" አላለችውም። እሱም ይህ ገብቶት መተላለፊያው ላይ ቆመ። ከአትላንታ የመጡ የካሴት አሳታሚዎች ዘፈኑን ወደውት ሁለተኛ ጠይቀዋል። ሄርሼል ሞከረ፤ አልወጣለትም። የሠራው ሁሉ የማጠቢያ ማሽን ይመስላል። ስለዚህ ሻንዴል አንድ ብትሠራለት፣ በዚህኛው ላይ ስሟን ሊያስገባ ቃል ገብቷል።

"በመጀመሪያውስ?" አለች ሻንዴል።

"እሱማ አንዴ ታትሟል እኮ፣ ሻን።"

"ጥሩ። ነገ ፀጉር ቤት ሂድ። ቅዳሜ ነው፣ ሰው ሞልቶ ይጠብቅሃል። ያንን የሠራችው ሻንዴል ናት ብለህ ተናገር። እንዲታተም አልጠየቅኩህም። በአፍህ ብቻ።"

ሮዳሪየስ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። "ሻን፣ አንቺ ሥራ አለሽ። እኔ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው። በሩን ቢዘጋብኝስ?"

"በሩ የተከፈተልህ በምን ሆነና?"

ሮዳሪየስ እንደሚያስብበት ተናግሮ ሄደ። ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ዋለ፤ ሮዳሪየስ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ ወጣ።

የተናገረችው ሌላ ሰው ናት። በዚያው ቅዳሜ ኦፓል የአስተናጋጅነት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጭ ጓንቷን አጥልቃ፣ ላማር ጎዳና ላይ ካለው የሄርሼል ሱቅ በር ላይ ቆመች። ለገባው ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው እንደምታስተናግድ ሁሉ ጎንበስ ብላ፣ "እንኳን ደህና መጣህ ልጄ፣ ይሄን ከበሮ የሠራችው ልጄ ናት፣ ባለ ሱቁ ሰርቋት ነው" ትላለች። ሄርሼል መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወንበር አመጣላት፤ አልተቀመጠችም። ከዚያ እባክዎ እማማ ገበያዬን አያበላሹብኝ አላት። ያበላሸችበት ገበያ አልነበረም፤ ጎረምሶቹ ካሴቱን እየሳቁ ገዙት። ኦፓል ሱቁ እስኪዘጋ ቆማ፣ ያበጠ እግሯን እየጎተተች ቤቷ ገባች። ሻንዴል ይህን የሰማችው ከጎረቤት ነው። ውሃ አሙቃ የእናቷን እግር ዘፈዘፈችላት።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ብቻዋን ዲያቆን ጌዘር ጋ ሄደች። ቲማቲሙ አድጓል። ውሃ እያጠጡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ይቅርታ ልትይ ነው የመጣሽው ወይስ ከበሮ ልትለምኚ?"

ሻንዴል መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት። "ሁለቱንም" አለች።

"ቢያንስ አትዋሺም።"

"እግርዎን ወስጃለሁ። ልመልሰው አልችልም፤ ካሴቱ በሄርሼል እጅ ነው ያለው። እኔ ግን ከእንግዲህ ስሙን የማላውቀውን ሰው ከበሮ አልቆርጥም። አዲስ ቢመቱልኝ ስምዎን ከኔ እኩል እጽፋለሁ።"

"ከልብስ ሰፊው በላይ?"

"ልብስ ሰፊ የለኝም።"

ሽማግሌው የውሃውን ጎማ ጣሉት። ከመኪና መጠለያው ጥግ፣ የቤተ ክርስቲያን ባዛር ካርቶን የተከመረበትን ሸራ ገለጡ፤ ከሥሩ ከበሮዎቹ ነበሩ። ባለቤታቸው እንዳይሸጧቸው ለምናቸው እንደነበር በኋላ ነገሯት። ሻንዴል ሁለት ማይክሮፎኖች አምጥታ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ በገመድ አንጠለጠለች። ወዲያው ተጣሉ። ሽማግሌው በከበሮዬ ላይ ስድብ አይነገርም አሉ፤ እሷ የራፐሩን አፍ መዝጋት አልችልም አለች። ሁለት ስድብ ቢበዛ ብለው ተስማሙ፣ እሱም የእግዚአብሔር ስም ሳይነሳ። ከዚያ መቱ። እጃቸው ዝጎ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተፍታታ። ምቱ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ እንደ ሚስማር የሚገባ ነው። ሻንዴል አዳመጠች፣ አመነታች፣ በመጨረሻ፣

"ዲያቆን፣ ሁለተኛዋን ምት እንደዚያኛው ትንሽ ቢጎትቷት..." አለች።

ሽማግሌው የከበሮ መምቻ ዱላውን አስቀመጡ። "ያን እግር ለማዳን ሁለት ዓመት ታክሜያለሁ። አሁን መልሼ አንካሳ ላድርገው?"

"አይ፣ እኔ እኮ..."

"ሕመሜን ነው የወደድሽው። አሁን ደህና ነኝ። ደህናውን ቅጂ።"

ደህናውን ቀዳችው። ተቆጥተው ስለነበር ከበፊቱ ጠንከር አድርገው መቱ፤ ካሴቱን የሠራውም ያ ቁጣ ነው ብትል አታፍርም። ዋይትሄቨን ከሚባለው ሰፈር የመጣች ዜኖቢያ የምትባል ምላሷ ምላጭ የሆነች ልጅ ራፑን አደረገችበት። ሁለት ስድብ ተጠቀመች፤ ሦስተኛውን ዲያቆን ጌዘር አስወጡባት።

ያ ካሴት የሄርሼልን ያህል አልተሸጠም። ግን በዚያው በጋ ወጣቶች ጎማ ያለው ጫማ አድርገው የሚንሸራተቱበት አዳራሽ ዲጄዎች አጫወቱት፤ መኸር ሲገባ ሦስት ራፐሮች ወደ ኦፓል ቤት እየመጡ ቁም ሣጥኑን ይጠይቁ ጀመር። ከአትላንታ አንድ ሰው ደውሎ ስልኩን ኦፓል አነሳችው፤ የልጇን ስም ፊደል በፊደል እስኪቆጥርላት ድረስ ከልጇ ጋር አላገናኘችውም። ሻንዴል አውቶቡሱን ከዚያ በኋላም ነዳች፤ ለመተው ሁለት ዓመት ፈጀባት። ሄርሼል ያችን የመጀመሪያ ካሴት ዛሬም ድረስ የኔ ናት ይላል። የሻንዴል ስም እዚያ ካሴት ላይ የገባው ለፈገግታዋ ብቻ ነው። ሮዳሪየስ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቷት፣ ሁሉም ሰው እኮ እውነቱን ያውቃል አላት። "ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን አይናገርም?" ብላው አለፈች። ስለዚያ ነገር ስትጠየቅ ድምፅዋ እስከ ዛሬ ይቀየራል፤ ጊዜ ያበርደዋል የሚላትን ሰው ደግሞ አትወድም።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን የአዲሱ ካሴት ልባስ ከማተሚያ ቤት የመጣበት ቀን ነበር። ሻንዴል ካርቶኑን ይዛ ዲያቆን ጌዘርን ወደ ቤቷ ጠራቻቸው። የእሁድ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። አንዱን አንስተው በእጃቸው ርቀት አድርገው አነበቡ። "አቀናባሪ፦ ሻንዴል ቦይስ" ይላል። ከጎኑ፣ በእኩል ፊደል፣ "ከበሮ፦" ይላል። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

አታሚው በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ዘሎ፣ አንድ ፊደል ለውጦ፣ ጌዘር ያለውን ጌተር አድርጎታል። ጌተር በነሱ አፍ አዞ ማለት ነው።

"ሉሸስ አዞ" አሉ ሽማግሌው። "ሃያ አምስት ዓመት ጠብቄ አዞ ሆንኩ።"

ኦፓል አፏን በጓንቷ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ሻንዴል አልሳቀችም። አታሚው ጋ ደውላ ጮኸችበት፤ እሱም በጽሑፋችሁ መሠረት ነው ያተምኩት፣ ደግሞ ማን ያነበዋል አላት። ማን ያነበዋል የምትለዋ ነገር ስልኩን ጆሮው ላይ እንድትዘጋው አደረገቻት። ጥቁር ብዕር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ልባስ አስተካከለች። ከዚያ ሁለተኛውን። ኦፓል ተመልሳ ብዕር ያዘች። ዲያቆን ጌዘር ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቅለው፣ የታረመውን እየተቀበሉ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ በአንድ ይመረምሩ ጀመር። ጥሩ የሆነውን በቀኝ፣ ያልጸዳውን በግራ ያስቀምጣሉ።

ካርቶኑ ግማሽ ሲደርስ የሻንዴል ጣት ደነዘዘ። አንዷን ቸኩላ አስተካክላ ወረወረችላቸው። አነሷት፣ ወደ መስኮቱ አስጠጓት፣ መልሰው ወደሷ ገፏት።

"ይቺኛዋ አዞ" አሉ፣ "ጅራቷ አልጠፋም።"

ሻንዴል ብዕሩን እንደገና አነሳች።